ጁፒተር ከጎመኑ መደብ በላይ

ቴሌስኮፑ አገር ቤት የገባው በሻንጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ነሐሴ 2017 ከዋሽንግተን ስትመጣ የራሷን ልብስ ቀንሳ፣ በፎጣና በሹራብ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ብርሃን የሚሰበስበው መስታወት ስፋቱ 130 ሚሊሜትር ነው። ቱቦው ሲገፉት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከእንስራ አይበልጥም። ረጅም እግር ስለሌለው ዱካ ላይ ነው የማስቀምጠው። እማዬ ዞር ዞር አድርጋ አየችውና "የሰው ቤት እንዳታይበት ብቻ" አለችኝ።

ነሐሴ መሆኑን ልብ በሉልኝ። አዲስ አበባ፣ ነሐሴ፣ ቴሌስኮፕ። አንድ ወር ሙሉ በየማታው ወጥቼ ደመና እያየሁ ተመለስኩ።

ሰማዩ የተገለጠው መስከረም ላይ ነው። መስከረም 11 ሳተርን ከፀሐይ ፊት ለፊት የሚሆንበት ቀን ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ይወጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይታያል፣ በዓመቱ ውስጥም ለእኛ በጣም የሚቀርበው ያኔ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ አገኘሁት። ልቤ ድው ድው እያለ ቀለበቱን ፈለግሁ። የለም። የታየኝ መርፌ የተሰካበት አተር ነው።

ሻንጣ ውስጥ ተንገላቶ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ ከመስታወቱ ጀርባ ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታታኋቸው። ማታ ሳየው አተሩም ጠፍቷል፤ የተድበሰበሰ ነገር ብቻ ቀረ። ደህና የነበረውን ቴሌስኮፕ በገዛ እጄ አበላሸሁት ማለት ነው።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የሳተርን ቀለበት በጣም ሰፊ ቢሆንም ውፍረት የለውም። እንጀራን ከላይ ስታየው ምጣድ ያክላል፤ አንስተህ ጠርዙን ዓይንህ ትይዩ ብታደርገው ግን ክር ነው። ሳተርን ፀሐይን አንዴ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ይህ ክር የመሆን ነገር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በየ15 ዓመቱ ገደማ ይመጣል። ምድር በቀለበቱ ጠርዝ ትክክል ያለፈችው መጋቢት 2017 ነበር። እኔ ደግሞ በስድስት ወሩ ከች አልኩ። ከመፍታቴ በፊት ሰው ብጠይቅ ኖሮ ሁለት ሳምንት ባላቃጠልኩ ነበር።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን መስታወት ማስተካከል አስተማሩኝ። ዓይኔን የማስጠጋበትን ሌንስ የፕላስቲክ ክዳን መሃል በጋለ መርፌ በሳሁ። ክዳኑን ሌንሱ የሚገባበት ቦታ ላይ ገጥሜ በቀዳዳዋ አጮለቅሁ። ትልቁ መስታወት መሃሉ ላይ ትንሽ ምልክት አለው፤ ምልክቱ ከቀዳዳዋ ነጸብራቅ ጋር እስኪገጥም ብሎኖቹን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር ማጥበቅ ነው። ከዚያ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥሮ ፎከሱን ሆን ብሎ ማበላሸት። የሚታዩት ክቦች መሃል ለመሃል ከሆኑ ተስተካክሏል፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደሉ ገና ነው። አሁን አምስት ደቂቃ ይበቃኛል።

ሌላው ያሳሳተኝ ጨለማ ነው። ለፕላኔት ጥቁር ሰማይ የሚያስፈልግ መስሎኝ መብራት ሲጠፋ እየጠበቅሁ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሲያማርር እኔ ደስ ብሎኝ ዱካዬን ይዤ እሮጣለሁ። ኅዳር ላይ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፣ ሰማዩ ጥቁር፣ ኮከቡ ፈሰሰ። ጁፒተርን ሳየው ግን እሳት ላይ እንደተጣደ ሽሮ ይንተከተካል። በሌላ ቀን ደግሞ የመንገዱ መብራት ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ሰማዩም ጭስ ጭስ እያለ፣ ጁፒተር ዝም ብሎ ቆመልኝ። ሁለቱ ጥቁር የደመና መቀነቶቹ በመስመር የተሰመሩ ይመስሉ ነበር። ፕላኔት ራሱ ደማቅ ነው። እሱ የሚፈልገው የረጋ አየር ነው።

ግማሹ የአየር ረብሻ ደግሞ ከራሴ ግቢ ነበር። ሲሚንቶው ላይ፣ የቤቱን ቆርቆሮ አሻግሬ ነበር የማየው። ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ቀን የጠጡትን ፀሐይ ማታ ይመልሱታል፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ማየት በከሰል ማንደጃ ላይ አሻግሮ እንደማየት ነው። ወደ ጓሮ፣ ጎመኑ መደብ አጠገብ፣ ሣር ላይ አዛወርኩት። ሌላው ጉዳይ የመስታወቱ የራሱ ሙቀት ነው። ከሞቀ ክፍል ያወጣኸው መስታወት አየሩን እስኪመስል ድረስ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። እኔ ራት ሳይቀርብ አወጣዋለሁ፤ በልቼ፣ ቡና ከተፈላም ጠጥቼ ስወጣ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። ለእማዬ የሚጥማት የዚህ ሥራ ክፍል ይህ ብቻ ነው።

በአቀማመጣችን ግን ዕድለኞች ነን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፕላኔቶች አናታችን አጠገብ ይደርሳሉ። ያንኑ ሳተርን ለንደን ላይ የሚያየው ሰው ከአድማስ 36 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚያገኘው፤ እኛ ጋ ወደ 78 ይጠጋል። ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ያን ያህል ይቀንስልናል። ችግሩ አንገት ነው። ቱቦው ሽቅብ ቀጥ ሲል አጎንብሶ ማየት አንገትም ወገብም ይፈጃል።

ወደ ፎቶው ልምጣ። በስልክ ነው የጀመርኩት፣ አሁንም በስልክ ነኝ። ስልኩን ሌንሱ ላይ የሚይዝ ማሰሪያ አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ ጁፒተር ሳይሆኑ አምፖል ናቸው። ስልኩ ዙሪያውን ጨለማ ሲያይ ብርሃን ይጨምራል፣ ፕላኔቱም ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ጣትን ፕላኔቱ ላይ አቆይቶ መቆለፍ፣ ከዚያ ብርሃኑን "አሁንስ በዛ" እስኪባል ድረስ መቀነስ ነው መፍትሔው። መቀነቶቹ ያን ጊዜ ብቅ ይላሉ።

ቢሆንም አንድ ነጠላ ፎቶ ብዙ አያወጣም። አየሩ ሁሌም ይወዛወዛል፤ ፕላኔቱ ጅረት ውስጥ እንደወደቀ ሳንቲም ነው። ውሃው ለቅጽበት ሲረጋ ሳንቲሙ ጥርት ይላል፣ ወዲያው ይበላሻል። ስለዚህ ቪዲዮ ይቀረጻል። በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ነጠላ ምስል፣ ለ90 ሰከንድ ብትቀርጽ 5,400 ፍሬም ይኖርሃል፤ ከዚያ ውስጥ የረጉትን መርጦ መደረብ የኮምፒውተር ሥራ ነው። ፒፕ የሚባለው ፕሮግራም ቪዲዮውን ያዘጋጃል፣ አውቶስታከርት መርጦ ይደርባል፣ ሬጂስታክስ ምስሉን እንደ ቢላ ስሎ ያጠራዋል። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። አሮጌው ላፕቶፔ እያቃሰተም ቢሆን ይሠራቸዋል።

ብዙ ቪዲዮ ብሰበስብ ይሻላል ብዬ አንዴ የአሥር ደቂቃ ቀረጻ አንድ ላይ ደረብኩ። ያገኘሁት ፈዛዛ ምስል ነው። ለካ ጁፒተር በራሱ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 10 ሰዓት እንኳን አይሞላበትም፤ እኔ ስቀርጽ እሱ እየዞረ ነው። ከሁለት ሦስት ደቂቃ ማለፍ አያዋጣም። ለነገሩ የኔ ቴሌስኮፕ ሞተር ስለሌለው 130 ጊዜ ሳጎላው ፕላኔቱ በደቂቃ ተኩል ውስጥ ከሌንሱ ወጥቶ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ አስቀምጬው ምንም ሳልነካ በራሱ እንዲያቋርጥ እተወዋለሁ። ስልኩን በጣት ስትነካው ሁሉም ስለሚናወጥ፣ ቀረጻውን የማስጀምረው በጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ ነው።

መሳሉም ላይ እጄ ከብዶ ነበር። ሬጂስታክስ ውስጥ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ስቤ ጁፒተርን የተከተፈ ሽንኩርት አስመሰልኩት። ያንን ፎቶ ደግሞ ለሰው ሁሉ ልኬዋለሁ፤ ሳስበው አሁንም አፍራለሁ።

ጥር 2 ቀን 2018 ተራው የጁፒተር ሆነ፤ እሱም ከፀሐይ ፊት ለፊት ቆመ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አናቴ አጠገብ ነበር። ብርዱ የጥር ነው፤ ጋቢ ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል። የፊት ለፊቱ ግቢ ዘበኛ፣ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ባትሪያቸውን ይዘው መጡ። ምን እንደማደርግ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ ቆዩ።

"አጠገቡ ያሉት ነጠብጣቦችስ?"

"ጨረቃዎቹ ናቸው ጋሼ። አራት።"

"እንደ ዶሮና ጫጩት ነዋ" አሉ።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ገና ሳላነጣጥር፣ በሩን ቆረቆሩ። "ዛሬስ ጫጩቶቹ ደህና አደሩ?" አየሁ። ሦስት ብቻ ናቸው። አንዷ ከጀርባው ገብታለች አልኳቸው። አላመኑኝም መሰለኝ፣ ዱካ ስበው ተቀመጡ። ተራ በተራ እያየን፣ ጎመኑ ላይ ጤዛ እየወረደ፣ ወደ 40 ደቂቃ ጠበቅን። እሳቸው ሌንሱ ላይ ሳሉ ድንገት እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ። ጠርዙ ላይ የሆነ ነገር አበጠ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነት ነው፣ ብጉር የምታክል ብርሃን ወጥታለች። መልሼ ለቀቅሁላቸው።

"መጣች" አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።