የአባዬ ባሕረ ሐሳብ ብሮውዘር ውስጥ

ለአባዬ የጻፍኩለት ትንሽ ፕሮግራም አለ። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት የዘመን ቀመር፣ ማስያ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሲሰጡት የዓመቱን ወንጌላዊ፣ ቀኖቹ የሚሰሉባቸውን ቁጥሮች አበቅቴንና መጥቅዕን፣ የነነዌን ጾምና የፋሲካን ቀን ያወጣል። ላፕቶፔ ላይ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሠራ ከርሟል። አባዬ ግን ያለው ስልክ ብቻ ነው፤ ስልኩም ላይ የለመደው ብሮውዘሩን ነው። ስለዚህ ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ ፕሮግራሙን ከነፎልደሩ ብሮውዘር ውስጥ ማስገባት ነው።

የመረጥኩት ፓይተንን ብሮውዘር ውስጥ የሚያስኬደውን ፓዮዳይድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞዚላ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው፤ አሁን ራሱን ችሎ የሚሄድ ክፍት ፕሮጀክት ሆኗል። ደስ የሚለኝ ነገሩ ፓይተንን የሚያስመስል አለመሆኑ ነው። ሲ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈው ዋናው ፓይተን (ሲፓይተን) ራሱ ብሮውዘር ወደሚያስኬደው ኮድ፣ ወደ ዌብአሴምብሊ፣ ተቀይሮ ብሮውዘሩ ውስጥ ይሮጣል።

ዋናውን ፋይል ገልብጬ ስለጥፈው ገና ሌላውን የኮድ ፋይል (ሞጁል) የሚጠራው ኢምፖርት የሚለው መስመር ላይ ቆመ። ሞጁሉ አልተገኘም ይላል። ፋይሉ እኮ ዲስኬ ላይ ቁጭ ብሏል! ግን ኢንተርፕሪተሩ፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ የሚያስኬደው ፓይተን፣ የእኔን ዲስክ አያይም። ማሽኑ ማህደረ ትውስታ ላይ የተሠራ የራሱ የፋይል ሥርዓት አለው፤ ሲነሳም የእኔ ኮድ እዚያ የለም። ይህ ክልከላ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የከፈትነው ገጽ ሁሉ ፎልደራችንን ቢበረብር ማን ብሮውዘር ይከፍታል? ኮዱን በእጅ ማስረከብ ያስፈልጋል፣ በቃ።

ያስረከብኩት በዚፕ ነው። ፎልደሩን ዚፕ አድርጌ ከገጹ ጎን አስቀመጥኩት። ገጹ ሲከፈት ገጹ ላይ ያለው የጃቫስክሪፕት ኮድ ዚፑን ያወርድና ባይቶቹን አንፓክ አርካይቭ ለሚባለው ትእዛዝ ይሰጣል። እሱ ደግሞ ፎልደሮቹን እንዳሉ ኢንተርፕሪተሩ የሚሠራበት ቦታ ላይ ይዘረጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ኢምፖርቱ ላፕቶፕ ላይ እንደሚሠራው ይሠራል። አንዲት መስመር ኮዱ ውስጥ አልቀየርኩም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ለስልክ አንድ፣ ለኮምፒውተር ሌላ ኮድ ይዤ መኖር አልፈልግም።

ገጹን ዲስክ ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ መክፈት ግን አያዋጣም። ብሮውዘሩ እንዲህ የተከፈተን ገጽ ጎኑ ያለውን ዚፕ እንኳ እንዲያነብ አይፈቅድለትም። ፓይተን ውስጥ ያለውን ትንሽ ሰርቨር (ገጹን ለብሮውዘሩ የሚያቀብል ፕሮግራም) ማስነሳትና በ8000 ፖርት መግባት ይበቃል። በክሮም የራስን ፎልደር መርጦ ፈቃድ በመስጠት በቀጥታ ማገናኘትም ይቻላል። ለእኔ ለጸሐፊው ይመቸኛል፤ ለአባዬ ግን አይመችም።

ኮዱ ውስጥ በጣም የምወደው አንድ መስመር አለ፦

መጥቅዕ = (ወንበር * 19) % 30

ፓይተን ይህን እንዳለ ይቀበላል። ፓይተን 3 የፊደል ገበታችንን በተለዋዋጭ ስምነት ያውቀዋል። ፓዮዳይድም ያው ፓይተን ስለሆነ ብሮውዘር ውስጥም ሳያንገራግር ሄደ። የሆሄ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ በዐይኑ ዕ የጻፉትን ታች ወርዶ በአሌፉ እ ቢጠሩት ለማሽኑ ሌላ ስም ነው።

ስሌቱን የተማርኩት ከአባዬ ነው። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር። ለ19 ስታካፍል የሚተርፈው መደብ ነው፤ ከመደቡ አንድ ሲቀነስ ወንበር። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 መግደፍ (ለ30 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ፤ በኮዱ % የሚለው) አበቅቴን ይሰጣል፤ በ19 ከሆነ መጥቅዕን። ለ2017 ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው።

ስልኩ ላይ ከፍቼ ስሰጠው መጀመሪያ ያስገባው 2006ን ነው። ሆን ብሎ ነው፤ የዚያ ዓመት ወንበር አልቦ (ዜሮ) ነው። ማሽኑ ዜሮን በ19 አባዝቶ ያው ዜሮ ያወጣል።

«አበቅቴው አልቦ ይሁን» አለኝ፤ «መጥቅዑ ግን ሠላሳ ነው።»

«አውቄዋለሁ አባዬ፣ ለብቻው ጽፌለታለሁ። እየው።»

መነጽሩን አስተካክሎ አየ። መጥቅዕ 30፣ ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12። ከዚያ 2017ን አስገባ፤ ነነዌና ፋሲካው ከ2006ቱ ጋር አንድ ሆነው መጡ። 2018ን ደግሞ በቃሉ ቀድሞኝ «ሚያዝያ 4» አለ፤ ስልኩም ያንኑ አለ። የእሱን ጣት ቆጠራና የእኔን ኮድ ጎን ለጎን ሳይ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ በቃል አይገለጽም።

ኢንተርፕሪተሩና ዚፑ አንዴ ከወረዱ በኋላ ስሌቱ የሚሠራው እዚያው ስልኩ ላይ ነው፤ ያስገባው ዓመት ወደ ማንም ሰርቨር አይሄድም። የቀረኝ ኢንተርኔቱ ነው። ፓዮዳይድ በርካታ ሜጋባይት ያወርዳል፣ እነ አባዬ ሰፈር ደግሞ ኔትወርኩ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። ሰርቪስ ወርከር የሚባለውን፣ ከገጹ ጀርባ የሚሠራ ትንሽ ኮድ ጨምሬ ፋይሎቹ ስልኩ ላይ እንዲቀመጡለት አደርጋለሁ። ለዚህ ግን ገጹ በተመሰጠረ ግንኙነት (ኤችቲቲፒኤስ) የሚከፈት አድራሻ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ነገ የምጀምረው ከዚያ ነው።