ዐቢይ ጾም የሚያዛባው የካርቦን ስሌት

በጎንደር ዙሪያ በግጦሽ የሚያድሩ ላሞችን የካርቦን አሻራ፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ ወተት የሚወጣውን አማቂ ጋዝ፣ ለማስላት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ላሟ በግሳት ስለምታወጣው ሚቴን ነው። እሱ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ስሌቱ በብዛት የሚበላሸው ወተቱ ላይ ነው።

ቀላሉን እናስቀድም። ጠዋት ላሟ ሳትሰማራና ውኃ ሳትጠጣ፣ ከፊት እግሮቿ ኋላ የደረቷን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ያለውን ርዝመትም ያዙ። ዙሪያውን በራሱ፣ ቀጥሎም በርዝመቱ አባዝታችሁ ለ10,840 ስታካፍሉ ክብደቷ በኪሎ ይወጣል፤ ልኬቶቹ በሴንቲ ሜትር ከሆኑ ማለት ነው። ዙሪያዋ 152፣ ርዝመቷ 141 የሆነች ላም 300 ኪሎ ገደማ ናት። ቀመሩ የተሠራው በፈረንጅ ከብት ስለሆነ ሻኛ ላላቸው ላሞቻችን ልክ ላይሆን ይችላል፤ ሚዛን ባለበት አንድ ሁለቷን መዝኖ ማነጻጸር ይበጃል። አንድ ጊዜ ብቻ መለካትም ያሳስታል። ከክረምት ሣር የወጣችው የጥቅምት ላም ጭድ ላይ የከረመችውን የሚያዝያ ላም አትመስልም።

ላሟ በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ ደረቅ መኖ በላች እንበል፦ 7.5 ኪሎ። አንዱ ኪሎ 18.45 ሜጋ ጁል ጉልበት ስላለው በጠቅላላው 138 ሜጋ ጁል ይመጣል። ዝቅተኛ ወተት ከምትሰጥ ላም ከዚህ 6.5 በመቶው ሚቴን ሆኖ ይወጣል። አንድ ኪሎ ሚቴን 55.65 ሜጋ ጁል ስለሆነ በዓመት 59 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ሚቴን እንደ 27 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያሞቅ፣ በ27 ሲባዛ ወደ 1,600 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጋል። መኖውን 3 በመቶ ብትሉት ውጤቱ በአንድ አምስተኛ ያድጋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ።

አሁን ወተቱ። ላሟ በቀን 4 ሊትር ለ240 ቀን ብትታለብ 960 ሊትር ነው። በጾም ወራት ግን ገዢ ይቀንስና ወተቱ ወደ መናጫው ይገባል። የሽያጭ ደብተር ብቻ የያዘ ሰው ይህን ወተት አያገኘውም፤ ጋዙ ሳይቀንስ ሊትሩ ስለሚቀንስ እርሻው ያለ ጥፋቱ ቆሻሻ መስሎ ይታያል። መመዝገብ ያለበት የታለበው ነው። ቤት የተጠጣውም፣ እርጎና ቅቤ የሆነውም ይገባል፤ ጥጃው የጠባው ብቻ ይቀራል።

ሊትሩንም እንዳለ አትጠቀሙበት። የአገር ላም ወተት ስቡ ከፍ ይላል፤ ከሌላ ወተት ጋር እንዲነጻጸር በስቡና በፕሮቲኑ ይስተካከላል። ሊትሩን በ1.03 አባዝታችሁ ወደ ኪሎ ለውጡት። ከዚያ የስቡን መቶኛ በ0.1226፣ የፕሮቲኑን በ0.0776 አባዙና ደምሩ፤ 0.2534 ጨምሩበት። የተገኘው ቁጥር የወተቱ ማባዣ ነው። ስቡ 5፣ ፕሮቲኑ 3.3 ከሆነ 960ው ሊትር ወደ 1,110 ኪሎ ይመጣል። የላሟ ግሳት በኪሎ ወተት 1.4 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል።

ይህ ግን የጥገቷ ብቻ ነው። ከኋላዋ የነጠፈች ላም ካለች፣ እሷም እኩል ከበላች፣ ቁጥሩ በእጥፍ ወደ 2.9 ይወጣል። ጊደሮችም ይቆጠራሉ፤ ዘግይታ የምትወልድ ጊደር ለዓመታት ያለ ወተት ታገሳለች። የእርሻ በሬውን ግን ለብቻው መዝግቡት። ድካሙ ለጤፉና ለስንዴው ነው፤ ወተቱ ላይ መጫን አግባብ አይመስለኝም።

ኩበት ሆኖ የሚነደውን እበት ሜዳ ላይ ከሚቀረው ለዩ፤ የሚያወጡት ጋዝ አንድ አይደለም። የግጦሹ መሬት ዩሪያ ካገኘ አንድ የ50 ኪሎ ጆንያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ከዚህ 1 በመቶው ከሚቴንም እጅግ የሚያሞቅ ጋዝ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ሆኖ ሲወጣ 100 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ዩሪያው ራሱ የሚለቀው 37 ኪሎ ይጨመርበታል። መብራታችን በአመዛኙ ከውኃ ኃይል ስለሚመጣ ድርሻው ትንሽ ነው። ጄኔሬተር ካለ ግን እያንዳንዱን ሊትር ናፍጣ በ2.7 ኪሎ አስቡት።