እግር ማበደር

“ኮሪያ ሆነሽ ቴኳንዶ አልጀመርሽም?”

ወንድሜ በደወለ ቁጥር ይቺን ይጠይቀኛል። እሱ አረንጓዴ ቀበቶ ላይ ነው ያቆመው። ሲያወራ ግን ጥቁር ነው። አዲስ አበባ፣ እኛ ሰፈር፣ ቴኳንዶ ያልሞከረ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። እኔ ግን እግሬን ከወገቤ በላይ አንስቼ አላውቅም። ሴኡል የመጣሁትም ሁለተኛ ዲግሪዬን ልማር እንጂ ልደባደብ አይደለም።

በአራተኛው ወር በረዶውና ብቸኝነቱ ተባብረው ሲያስመርሩኝ፣ እስቲ ሰው መሀል ልግባ ብዬ አንድ የቴኳንዶ ቤት ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ነው። በሩን ስከፍት ሃያ የሚሆኑ የሰባት ዓመት ልጆች ዞር ብለው አዩኝ። የአዋቂ ክፍል የላቸውም። አፍሬ ደረጃውን ስወርድ ከምድር ቤቱ አንድ ድምፅ ሰማሁ። “ኢክ! ኤክ! ኢክ! ኤክ!”

አንድ ሰው አክ እንትፍ ሊል ነው ብዬ ነበር። በመስታወቱ አጮልቄ ሳይ፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ዘጠኝ ሰዎች ጉልበታቸውን እያጠፉ ይወዛወዛሉ። እጃቸው ወዲህ ወዲያ ይላል። አንዷ የእናቴ ታላቅ ትሆናለች። የአዛውንቶች ጭፈራ መስሎኝ ፈገግ ስል አንደኛው ሰውዬ ሌላውን በቁርጭምጭሚቱ ጠለፈና ዘጭ አደረገው። የወደቀው እየሳቀ ተነሳ።

ይሄ ቴክዮን ነው፤ በእግር እየተጠላለፉና እየተራገጡ የሚጣጣሉበት የኮሪያ ባህላዊ ግጥሚያ። በወር 100 ሺህ ዎን ከፍዬ ተመዘገብኩ። ከቡና ወጪዬ ብዙም አይበልጥም። (የይርጋጨፌን ስም ሜኑ ላይ አንብቤ፣ ዋጋውን አይቼ፣ አሜሪካኖ ያዘዝኩበት ቀን ብዙ ነው።)

በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪያችን እኔን እያዩ “ሙሩፕ! ሙሩፕ!” ይላሉ። ስልኬን አውጥቼ ወደ አማርኛ አስተረጎምኩት። “ጉልበት” አለኝ። ገባኝ፤ ጉልበት ጨምሪ እያሉኝ ነዋ! ጥርሴን ነክሼ ወለሉን መደብደብ ጀመርኩ። እሳቸው “ሙሩፕ!” እኔ ድም! “ሙሩፕ!” ድም! በመጨረሻ መጥተው ቁጢጥ አሉና በሁለት ጣታቸው የጉልበቴን ሎሚ ነካ አደረጉት። ለካ እጠፊው ነው የሚሉኝ። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም ጉልበት አንድ ቃል መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ኮሪያኛዬ አልበቃም።

እርምጃው ፑምባፕኪ ይባላል። ወለሉ ላይ ሦስት ነጥብ አለ በሉ፤ ልክ እንደ ሦስት ጉልቻ። ሁለቱ ላይ ቆመሽ በአንደኛው እግርሽ ሦስተኛውን ትረግጫለሽ። ትመለሻለሽ። በሌላኛው ትረግጫለሽ። ስትረግጪ ጉልበት ይታጠፋል፣ ከዚያ ሆድ ወደፊት ገፋ ብሎ ሰውነት እንደ ቀርከሃ ቀና ይላል። በቃ። ሦስት ወር ሙሉ ይሄንኑ ነው የረገጥኩት። የእኔ ችግር ትከሻዬ ነው። ምት ባለበት ሁሉ ትከሻዬ ካልተነቀነቀ አይሆንለትም። እማማ (እናቴን የምትበልጠውን ሴትዮ በልቤ እንዲህ ነው የምጠራት) ከኋላዬ መጥታ ሁለቱንም ትከሻዬን ጫን አድርጋ ትይዝልኛለች። እስክስታን ለማስቆም ሁለት እጅ ይበቃል ብላ ማሰቧ ይገርመኛል።

ልብሱን በተመለከተ ሞኝ ሆኛለሁ። ቱሪስት የሚበዛበት አንድ መንገድ ላይ፣ አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ነጭ ባህላዊ ልብስ በ130 ሺህ ዎን ገዛሁ። መከራከር አፍሬ ነው። መርካቶ ያደግኩት ልጅ! ለብሼ ስሄድ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ሳቁ አመለጠው። ገዳም ውስጥ ለማደር የሚሄዱ እንግዶች የሚለብሱትን ዓይነት ነው የሸጡልኝ። ትክክለኛውን አስተማሪያችን ከመጋዘን አውጥተው ሰጡኝ። የመጋዘን ሽታ አለው እንጂ በነጻ ነው። የ130 ሺህ ዎኑ አሁን ፒጃማዬ ነው።

ይሄ ልጅ ነው እንግዲህ የእኔ ተጋጣሚ የነበረው። መነጽሩን አውልቆ፣ አጎንብሶ እጅ ይነሳኛል፤ ከዚያ ይጥለኛል። ደንቡ ቀላል ነው። የወደቀ ተሸነፈ። ፊቱን በእግር የተነካም ተሸነፈ። ግን ለመጉዳት መምታት አይፈቀድም፤ እርግጫው የሚገፋ እንጂ የሚሰብር መሆን የለበትም። እኔን ያስቸገረኝ ሌላኛው ደንብ ነው። አንድ እግርሽን ወደፊት አውጥተሽ፣ ተጋጣሚሽ ሊደርስበት የሚችልበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ አለብሽ። ወደኋላ እየሸሹ መጋጠም ነውር ነው። ይሄንን ዴጆፕ ይሉታል። ዴጆፕ ማለት መስተንግዶ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው ያው መስተንግዶ።

እኔ እግሬን አልሰጥም አልኩ። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ ነው ያደግኩት። ጠላቴ ፊት እግሬን ላስቀምጥ? ልጁ ቆሞ ይጠብቀኛል። “ኑና፣ ፓል” ይላል። እትዬ፣ እግር እንደ ማለት። እሰጠዋለሁ። ወዲያው በተረከዙ ቁርጭምጭሚቴን እንደ መንጠቆ ይስባታል። የጠለፋው ስምም ከዓሣ ማጥመጃ የመጣ ነው፤ ናክሺ ጎሪ ይሉታል። እኔ ዓሣዋ ነኝ።

በጥቅምት አስተማሪያችን ቹንግጁ የምትባል ከተማ ካሉ ሰዎች ጋር ልንለማመድ ነው አሉ። መኪናቸው ስለሞላ እኔ ዓርብ ማታ ከዶንግ ሴኡል መናኸሪያ በአውቶቡስ ሄድኩ። መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ተኝቼ ነው የደረስኩት።

የሆቴል ብር ለመቆጠብ ጂምጂልባንግ አደርኩ። ሌሊቱን የሚከፈት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነው፤ 12 ሺህ ዎን ከፍለሽ ሞቃት ወለል ላይ ትተኛለሽ። ወለሉ የምጣድ ያህል ይጋላል። በስተቀኜ አንድ ሰውዬ ያንኮራፋል፣ በስተግራዬ ሌላው ይመልስለታል። ትራሱ ግንድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ቁጭ ስል አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ሁለት ፎጣ አጣጥፋ ከግንዱ ላይ አነጠፈችልኝ። ከዚያ የተቀቀለ እንቁላል ግንባሯ ላይ ሰብራ፣ ልጣ፣ ግማሹን አፌ ውስጥ ከተተችው። ጉርሻ! በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቹንግጁ ውስጥ! አንድ ጉርሻ ያጣላል ልላት አሰብኩ፤ ሳልናገር ሁለተኛውን አመጣችው።

ጠዋት ከተማዋን በእግሬ አየኋት። መንገድ ዳር የተተከለው ዛፍ ፖም ነው። እውነተኛ ፖም፣ ቀይ፣ እጅ የሚደርስበት። ማንም አይቆርጥም። አሥር ደቂቃ ቆሜ ጠበቅኩ፤ አንድ ሰው እንኳን ዞር ብሎ አላየውም። እኛ ሰፈር ቢሆን አበባው ሳይረግፍ ያልቅ ነበር፤ እኔም ከቀዳሚዎቹ አንዷ በሆንኩ።

ቹንግጁ የሄድነው በከንቱ አይደለም። አስተማሪያችን ምሳ ላይ ነገሩን። ሶንግ ዶክ ጊ የሚባሉ ሰው በ1893 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሴኡል ተወለዱ። ቴክዮንን የተማሩት በልጅነታቸው ነው። ጃፓኖች አገሪቱን ከ1910 እስከ 1945 ሲገዙ ጨዋታው ጠፋ ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ግን በሰውነታቸው ይዘውት ቆዩ። የቹንግጁው ሺን ሃን ሱንግ ሽማግሌው ዘንድ እየተመላለሱ ተማሩ፤ እርምጃውን፣ እርግጫውን መልክ መልክ አስይዘው ጻፉት። በ1983 መንግሥት በቅርስነት መዘገበው። በ1987 ሁለቱም በአንድ ዓመት ሞቱ። ዩኔስኮ የመዘገበው በ2011 ነው። አስተማሪያችን ይሄን ሲሉ በቾፕስቲካቸው ኪምቺውን እያገላበጡ ነበር። እማማ “ብሉ እንጂ፣ ቀዘቀዘ” አለቻቸው።

ከሰዓት የደረሰችኝ ተጋጣሚ የእኔን ዕድሜ የምታህል ሴት ናት። እጅ ተነሳሳን። እግሬን አስቀመጥኩላት። እሷም አስቀመጠችልኝ። ኢክ! ኤክ! ድምፄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆዴ ወጣ። ሁለት ጊዜ ጣለችኝ። በሦስተኛው፣ እግሬን ልትወስድ ስትመጣ ጉልበቴን አጠፍኩና ቀና አልኩ፤ እግሬ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ። እሷ ባዶውን ጠልፋ ስትንገዳገድ በተረከዜ ሳብ አደረግኋት። ዘጭ! ከእሷ በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ሮጬ ላነሳት ሄድኩ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ከዳር ሆኖ “ኑና፣ ትከሻ!” ብሎ ጮኸ። ለካ በድሉ መሀል ትከሻዬ እስክስታውን ጀምሯል።

ማታ ሴኡል ስንደርስ ወንድሜ ደወለ። ሰው ጣልኩ አልኩት። “በምን እርግጫ?” አለኝ። በመንጠቆ አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ቀበቶዬ ምን ቀለም እንደሆነ ጠየቀኝ።

ባቡሩ ሙሉ ነበር። ቆሜ፣ መያዣውን ይዤ፣ ጉልበቴን ከባቡሩ ጋር እያጠፍኩ ስሄድ አንዱ እግሬ ራሱ ወደፊት ወጥቶ ተቀመጠ። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ገብቶ ረገጠኝ። ደንግጦ ሁለት ጊዜ አጎነበሰልኝ። እኔም አጎነበስኩለት።