ያላስነጠሰ በርበሬ

ወዳጆቼ፣ በያላችሁበት እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ለገና አጠር ያለች መልእክት ነበር የምጽፍላችሁ። ዘንድሮ ግን አላጥርም አለችኝ። ጥፋቱ የአክስቴ ነው።

የቡሬ ሰዎች ታውቋታላችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ብትኖር ኖሮ «ምን ቆርጦህ ነው አደባባይ የምታወጣኝ?» ትለኝ ነበር። እኛ ቤት እቴቴ ነበረች። ሥራዋ በርበሬ ንግድ ነበር። በጥቅምት አረፈች። ይሄ እሷ የሌለችበት የመጀመሪያው ገናችን ነው።

የቡሬን በርበሬ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ከወንበርማ እስከ ጃቢ ጠህናን ማሳው ይቀላል። ዛላው ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጆንያ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ። ከላይ ደህናውን፣ ከሥር የሻገተውን የሚያደርግ አለ። ለሚዛን ብሎ ውኃ የሚያርከፈክፍም አለ። እቴቴ ታዲያ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትከታለች። ከሥር አንድ ዛላ መዝዛ ጆሮዋ ጋ ትነቀንቀዋለች። ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል። ከዚያ ሰበር አድርጋ ታሸተዋለች። ካስነጠሳት ትገዛለች፣ ካላስነጠሳት ወደ ቀጣዩ ጆንያ። «ያላስነጠሰ በርበሬ ቀለም ነው» ትል ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ላይ ሰባት ኩንታል በሰው አይሱዙ ጭና፣ ጋቢና ተቀምጣ፣ መርካቶ ወረደች። አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። ወደዚያ የሚሄድ ዘመድም አልነበራት። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ከዚያ ዓባይ በረሃ። ሕዳሴ ድልድይ ገና ስላልተሠራ፣ ያኔ የነበረው አሮጌው ድልድይ ብቻ ነው። ከደጀን ብርድ ወጥተህ ጠመዝማዛውን ስትወርድ ሙቀቱ ይቀበልሃል። ሾፌሩ አማተበና «እትዬ፣ የሚያስፈራሽ ከሆነ ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። «ከፍዬ ነው የምሄደው፣ ለምን እጨፍናለሁ?» አለችው። ይቺን ታሪክ ቢያንስ መቶ ጊዜ ሰምቻታለሁ። በየጊዜው ገደሉ ይጨምራል።

አዲስ አበባ ስትለመዳት ደግሞ ወደ ነቀምቴ ዞረች። ቡሬ ላይ አንዱ መንገድ ወደ ወለጋ ይገነጠላል፤ እሱም ዓባይን ይሻገራል። ጎጃም ማለት እኮ ዓባይ የዞረው አገር ነው፤ በየት በኩል ብትወጣ እሱ ነው የሚጠብቅህ። በርበሬ ይዛ ትሄዳለች፣ ቡና ይዛ ትመለሳለች። ኦሮምኛ መጀመሪያ ቁጥሩን ተማረች፣ ቀጥሎ ክርክሩን፣ ሰላምታውን መጨረሻ ላይ። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚላት ሰው ካለ ደግሞ ትስቅበታለች። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ጠበል ተጠምቃለች። «ዓባይም እዚያ ምንጭ ነው፤ አላያችሁትም» ትላለች።

አንድ ዓመት መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ የሃያ ኩንታል ገንዘቧን ካደባት። ሌላው ሰው ፖሊስ ጋ ይሄዳል፣ ወይ ያለቅሳል። እሷ እንዝርትና ጥጥ ገዝታ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። አስራ አንድ ቀን ፈተለች። ማታ አልቤርጎ ታድራለች፣ ጠዋት ተመልሳ ትፈትላለች። ገዢ በመጣ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ በርበሬ በነፃ ነው የሚገዛው» ትላለች፤ ድምጿን ሳታነሳ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ሰውዬው መጋዘኑን ከፍቶ አንድ አሮጌ ወፍጮ አሳያት። ብር የለኝም፣ ከፈለግሽ ይሄን ውሰጂ አላት። ወሰደችው።

ስለ ወፍጮ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሞተሩ ሁለቴ ተቃጠለባት። ድንጋዩን የሚወቅርላት ስታጣ፣ መዶሻ አንስታ ራሷ መውቀር ተማረች። እኔ ሳድግ የማውቀው እንግዲህ ይሄንን የእቴቴን ወፍጮ ቤት ነው። የበርበሬው ለብቻ፣ የጤፉ ለብቻ።

ጻድቅ ነበረች እያልኩ አይደለም። ለገና ዋዜማ ወፍጮ ቤቱ እስከ ደጅ ይሰለፋል። አንድ ዓመት እናቴ፣ ታናሽ እህቷ፣ አራት ኪሎ በርበሬ ይዛ በጓሮ ገባች። «ቄሱም ተራ ይዘዋል፤ ሂጂ ተሰለፊ» አለቻት። በሰው ፊት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ እናቴ ግን ተቆጣች። በርበሬዋን ይዛ ሌላ ወፍጮ ቤት ሄደች። ሁለት ገና አልተነጋገሩም። እኔ እስካሁን ከእናቴ ጎን ነኝ። አራት ኪሎ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ካረፈች በኋላ ሦስት የዱቤ ደብተር አገኘን። ቁጥር ትጽፋለች እንጂ ፊደል አይሆንላትም ነበር። ስለዚህ ባለዕዳዎቿን ሥላቸዋለች። ቄሱ ጃንጥላ ናቸው። መምህሩ መነጽር። አንዱ ፂም ብቻ ነው፤ ፊት የለውም። የእናቴንም ገጽ አገኘነው፣ ዕዳዋ ሁሉ ተሰርዟል። ሥዕሉ ኮከብ ነው ወይስ እሾህ፣ ቤተሰቡ አልተስማማም።

መንገድ አልመች ብሏችሁ አገር ቤት ያልገባችሁ፣ ዘንድሮ ከገበታው ሰው የጎደለባችሁ፣ መልካም ገና ይሁንላችሁ።

ይሄን የምጽፍላችሁ ባሕር ዳር፣ ዋዜማው ማታ ላይ ነው። እናቴ እኛ ጋ ናት፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዶሮው 12 ብልቱ ወጥቶ ታጥቧል። ጾም ስለሆነ ወጡን የሚቀምስ የለም፤ ጨዉ በግምት ነው። በርበሬው እቴቴ በነሐሴ ፈጭታ የላከችልን ነው፤ እስከ ዛሬ አልነካነውም ነበር። ክዳኑን የከፈተችው ልጄ ናት። ከፈተችና አስነጠሳት፣ ሦስት ጊዜ።

ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ይማርሽ!» አልን።

እናቴ መክተፏን ሳታቆም፣ ቀስ ብላ፣ «እሷንም» አለች።