ለተቀላቀለ የጓሮ አበባ የማያስቸግሩ አበቦችን የመረጥኩበት መንገድ

ረጅሙና አጭሩ፣ ቀዩና ቢጫው ተጠጋግቶ የሚያብብበት የጎጆ ቤት ጓሮ ሲያዩት ማንም ሳይነካው የበቀለ ይመስላል። እንዲህ የሚያስመስለው ግን የአበቦቹ ምርጫ ነው። እኔ አበባ ስመርጥ ከመልኩ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ፦ ዘሩ መደቡ ላይ በቀጥታ ሲዘራ ይበቅላል ወይ? ብዙ ማዳበሪያ ሳይሰጠው ያብባል ወይ? አበባው ሲቆረጥ ሌላ እምቡጥ ይተካል ወይ? ሦስቱንም የሚያሟሉት ኮስሞስ፣ ዚኒያና ካሌንዱላ ናቸው፤ መደቤ የሚጀምረውም በእነሱ ነው።

ከዘሩ በፊት ግን ቦታውን አያለሁ። እነዚህ አበቦች በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለባቸው። ጥላ ካገኛቸው ግንዳቸው ቀጥኖ ይረዝማል፣ አበባቸው ያንሳል፣ ትንሽ ነፋስም ያጋድማቸዋል። የውሃውን መስረግ ለማወቅ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ እሞላለሁ፤ ሲሰርግ እደግመዋለሁ። ሁለተኛው ውሃ እስከ ማግስቱ ከቆመ፣ ሥሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ቶሎ የሚበሰብሰውን ላቬንደርን እተወዋለሁ፤ ወይም መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ።

3 ሜትር በ1.5 ሜትር ለሆነ መደብ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሼ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው አፈር ጋር አቀላቅላለሁ። ይህ 135 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አልጨምርም። አበባ ወዳዶች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ኮስሞስ ሰው የሚያህል ቅጠላም ቁጥቋጦ ይሆንና አበባው ይዘገያል ወይም ጥቂት ይሆናል። ናስተርቲየምም እንደዚሁ ነው፤ ለሳሳ አፈር የተፈጠረ አበባ ስለሆነ እሱ በሚዘራበት ጥግ ኮምፖስት ጭራሽ አላደርግም።

ኮስሞስን ከ0.5 እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዘርቼ፣ ሲበቅል በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት አሳሳዋለሁ። ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ከአንጓው በላይ እቀነጥባለሁ። አንድ ግንድ ብቻ ከመምዘዝ ይልቅ ከጎን ቅርንጫፎች ያወጣል፣ ብዙ እምቡጥም ይይዛል። ጫፉን መቀንጠብ ያሳዝናል፤ ግን መታለፍ የለበትም።

ዚኒያ ሥሩ መነካካት አይወድም፤ ስለዚህ ችግኝ አፍልቶ ከማዛወር በቦታው መዝራት ይሻላል። የሚዘራው አፈሩ ከሞቀ በኋላ ነው። በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ዘሩ ሳይበቅል ይበሰብሳል። ርቀቱን ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አደርጋለሁ፤ ከዚያ ከጠበበ አየር አይተላለፍም፣ ቅጠሉም ዱቄት የተነሰነሰበት በሚመስል ነጭ ሻጋታ ይሸፈናል። ካሌንዱላ የዚኒያ ተቃራኒ ነው፦ ብርድ ይስማማዋል፣ ሙቀት ሲበረታ ግን ማበቡን ይቀንሳል። ሁለቱን አንድ መደብ ላይ ማድረጉ ጥሩ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል።

ፖፒ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አንድ እጅ ዘር ከአሥር እጅ ደረቅ አሸዋ ጋር አቀላቅዬ እበትናለሁ፤ አፈር አላለብሰውም፣ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ወደ ታች የሚወርደው ዋና ሥሩ ሲነካ ስለሚሞት ማዛወር አይሞከርም። አሊሰምም ላይ ላዩን ይዘራል። የናስተርቲየም ዘር ግን ትልቅና ጠንካራ ነው፤ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሬ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እቀብረዋለሁ። ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የሚወደው አበባ ስለሆነ የቅጠሉን ሥር እየገለበጥኩ አያለሁ፤ ካየሁ በጠንካራ የውሃ ፍሰት አጥበዋለሁ።

ከኋላ የሚቆመው ሆሊሆክ ትዕግሥት ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ነው፤ አበባው በሁለተኛው ዓመት ይመጣል፣ ቁመቱም 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጠላቱ ዋግ ነው፦ ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይወጣል። በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት እተክለዋለሁ፣ ውሃውን ቅጠሉ ላይ አላፈስም፣ የታመመውን ቅጠል ቆርጬ ከጓሮው አወጣለሁ እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አልጨምርም። ፎክስግላቭም ለኋላ ረድፍ ያምራል፤ ነገር ግን ከሥር እስከ ዘር መርዛማ ስለሆነ ሕፃናትና እንስሳት ባሉበት ግቢ እንዲተከል አልመክርም።

ከቋሚዎቹ ጄራንየምን የማበዛው በቁራጭ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጤነኛ ጫፍ ልክ ከአንጓው በታች ቆርጬ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አነሳና ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ሰዓታት ጥላ ሥር አቆየዋለሁ። ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር እተክለዋለሁ። በላስቲክ መሸፈን ለሌሎች ቁራጮች ይጠቅም ይሆናል፤ ይህኛውን ግን ያበሰብሰዋል።

አተካከሉ ላይ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ መትከል መደቡን የተዝረከረከ ያደርገዋል። በስድስት ወይም በሰባት ዓይነት ተወስኜ፣ እያንዳንዱን ከሦስት እስከ ሰባት በሚሆን ስብስብ አደርጋለሁ። አሊሰም ከፊት፣ ዚኒያና ካሌንዱላ ከመሐል፣ ኮስሞስና ሆሊሆክ ከኋላ ይሆናሉ። አንድ ሁለት ኮስሞስ ወደ መሐል ሲገባ ግን ረድፉ ድርቅ ከማለት ይድናል።

ዝናብ ከሌለ በሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 25 ሊትር ውሃ በሁለት ጊዜ ከፍዬ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ አጠጣለሁ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ቡቃያ ላይ ግን ሌላ ነው፤ የላይኛው አፈር መድረቅ የለበትም፣ መጨቅየትም የለበትም። ተጨናንቆ በጨቀየ ቦታ ቡቃያው አንገቱ ላይ ቀጥኖ ይወድቃል፣ የወደቀውም አይነሣም።

የጠወለገውን አበባ በሳምንት ሁለቴ፣ ከሥሩ ካለው ቅጠል በላይ እቆርጣለሁ፤ ዘር ከያዘ ማበቡን ያቆማል። ዚኒያን ለማስቀመጫ ስቆርጥ ከአበባው 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብዬ ግንዱን ይዤ እነቀንቀዋለሁ። አንገቱ ካረገረገ አልደረሰም፤ ቀጥ ካለ ይቆረጣል።

ወቅቱ ሲያልቅ ከየዓይነቱ ምርጥ ምርጡ ላይ ጥቂት አበባ ሳልቆርጥ እተዋለሁ። ዘሩ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ በፀሐያማ ቀን ለቅሜ፣ አንድ ሳምንት ጥላ ላይ አስጥቼ በወረቀት ፖስታ አስቀምጣለሁ፤ ላስቲክ ውስጥ የቀረው እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። ፓኬቱ ላይ «ኤፍ1» (ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል ማለት ነው) ከተጻፈበት አበባ የተለቀመ ዘር ግን እናቱን አይመስልም፤ ቀለሙ እንዲደገም የምፈልገውን የማስቀረው ድቅል ካልሆነው ዝርያ ነው።