የመምህራችን የአባት ስም

ደብረ ብርሃን የቀሩት የክፍል ጓደኞቼ በቴሌግራም ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «የባህ ከተማ እየኖርሽ መቼም በየሳምንቱ ኮንሰርት ትገቢያለሽ?» ይሉኛል። ጀርመን አገር ላይፕዚግ መኖሬ እውነት ነው፤ ዝነኛው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሴባስትያን ባህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1723 እስከ ዕለተ ሞቱ 1750 ድረስ ያገለገለበት የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያንም እዚሁ ከተማ ይገኛል። ነገር ግን እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲሆን፣ የማታ ተረኛ የሆንኩ ዕለት ከሥራ የምወጣው ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ ነው። ጌቫንድሃውስ የሚባለውን ዝነኛ አዳራሽ ከውስጥ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም የአንዲት አሮጊት ዊልቸር እየገፋሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ባለፈው ጥር በቡና ሰዓት የሆነው ነገር ነው። በልጅነታቸው አንድ ክፍል የተማሩ ሦስት አሮጊቶች ተቀምጠው የከተማቸውን የኦርኬስትራ መሪዎች ያነሳሉ። ከ1949 እስከ 1962 የመራውን ፍራንዝ ኮንቪችኒን አነሱ፤ ከ1970 እስከ 1996 የቆየውን ኩርት ማዙርንም አነሱ። በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 9 ቀን 1989 ሕዝቡ የምሥራቅ ጀርመንን መንግሥት ተቃውሞ አደባባይ በወጣበት ምሽት፣ ማዙር ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ያዘጋጀውን የሰላም ጥሪ በድምፅ ማጉያ በገዛ ድምፁ ሲያሰማ፣ አንደኛዋ መንገድ ላይ ሆና እንደሰማችው እጇ እየተንቀጠቀጠ ተናገረች። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤታቸው የመዝሙር መምህር አለፉ፤ ስሙን ከነአባቱ፣ የገባበትንና የለቀቀበትን ዓመት ጭምር ሦስቱም እኩል ያውቁታል። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞረው «በአንቺ ከተማስ የኦርኬስትራ መሪው ማን ነበር? ሙዚቃስ ማን አስተማራችሁ?» አሉኝ።

«ማንም» አልኩ። ጀርመንኛዬ ለመድኃኒትና ለምግብ ይበቃል፤ ለዚህ ግን አልደረሰልኝም። አንደኛዋ በእውነተኛ ሐዘን «ምስኪን፣ ያለ ሙዚቃ ነው ያደገችው» አለችና የተረፋትን ኬክ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። እኔም ተቀብዬ በላሁ። በስደት ሕይወቴ ብዙ ነገር ውጫለሁ፤ እንደዚያ ኬክ ያነቀኝ ግን የለም።

ማታ በትራም ስመለስ ውሸቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እኛ መሪ አጥተን ነው? በደብራችን ቅኔ ማኅሌት ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ዜማው በቁም ተጀምሮ በዝማሜ፣ በመረግድና በጽፋት እየሞቀ ሲሄድ፣ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው በአንድነት የሚነሱትና የሚወርዱት በመሪጌታው አይደለም ወይ? መሪነቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። የድጓው የዜማ ምልክቶችም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ እንዳደራጇቸው ከሊቃውንቱ ሰምተናል፤ የጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ የተመሠረተው ግን በ1743 ነው። ጀርመኖቹ ሙዚቃን በአዳራሽ ተቀምጦ በዝምታ የሚሰማ ነገር ብቻ አድርገው ስለሚያዩት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያዜም ሕዝብ አይታያቸውም። ይህ የእነሱ ጉድለት ነው፤ «ማንም» ማለቴ ግን የእኔ ነው።

የሙዚቃ መምህራችንስ? ከስልሳ ለምንበልጥ ተማሪዎች የነበረው አንድ ክራር ብቻ ነበር። በክረምት ጉሙ ከበሬሳ ወንዝ ተነስቶ ግቢውን ሲያለብሰው የክራሩ ቆዳ ስለሚረግብበት፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ትምህርቱን አቋርጦ ደጅ ያሰጣው ነበር፤ እኛም በብርድ ተኮራምተን እንጠብቃለን። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለይተን እስክናውቅ ድረስ፣ ዓይናችንን አስጨፍኖ አንድ በአንድ ይደረድርልን ነበር። ዛሬ የትኛውም ዘፈን ሲጀመር ቅኝቱን የምለየው በእሱ ነው። ከኢየሩሳሌም በአውሮፓውያኑ 1924 ከመጡት አርባ የአርመን ልጆች ጋር ስለመጣው ስለ ሙዚቃ መሪያቸው ስለ ኬቮርክ ናልባንዲያንና ስለ ወንድሙ ልጅ ስለ ሙዚቀኛው ነርሲስ ናልባንዲያንም ያስተማረን እሱ ነው፤ ለፈተና አጥንተናቸው እስከ ዛሬ አልረሳናቸውም።

የእሱን የአባት ስም ግን አላውቅም። ጓደኞቼን በቴሌግራም ስጠይቅ ከሃያ ስድስታችን የመለሱት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም የተለያየ ስም ነው የጻፉት። በእኛ ዘንድ ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ፣ ፊደል ያስቆጠሩን «የኔታ»፣ እሱ ደግሞ «ጋሼ» ሆነው ቀሩ። ይህን አክብሮት እወደዋለሁ፤ ሆኖም ያከበርነውን ሰው ስም አልባ እንዳደረገብን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ።

ስለዚህ ለመውጣት የምታስቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ቪዛ ከጠየቃችሁኝ በኋላ ይህንንም ስሙኝ። ቋንቋውን ለሥራ ብቻ ብላችሁ አትማሩት፤ ከማን እጅ እንደወጣችሁ የምትናገሩበትን ቃልም አብራችሁ ያዙ። ያስተማሯችሁን ሰዎች ስም ከነአባታቸው በወረቀት አስፍሩ። እዚህ ሰው የሚያዝንላችሁ ባዶ እጃችሁን ስለመጣችሁ ብቻ አይደለም፤ ባዶ ናችሁ ብሎ ሲያምንም ያዝንላችኋል፣ ሁለተኛው ይበልጥ ያማል።

ታናሽ ወንድሜ መምህራችን ወደተወለደበት ወደ አንኮበር መንገድ ወርዶ፣ ዘመዶቹን ጠይቆ ሙሉ ስሙን በቅርቡ አመጣልኝ። በማግስቱ በቡና ሰዓት ለአሮጊቶቹ ስለ መሪጌታውም ስለ ክራሩም በተሰባበረ ጀርመንኛ ነገርኳቸውና ስሙን ጠራሁላቸው። ኬኳን የሰጠችኝ ሴት ስሙን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ካስተካከለች በኋላ በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈችውና «ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት አስተማረ?» አለችኝ።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ስገባ እሱ ቀደም ብሎ እዚያ ነበር። መቼ እንደመጣ የምታውቁ የክፍሌ ልጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ደብተሯ ላይ ክፍት ቦታ ትታለታለች።