ፎር ዊል ገብቶ የፊት ጎማ የማይጎትተው ለምንድን ነው? ስለ ማኑዋልና አውቶማቲክ ሃብ

ክረምት በገባ ቁጥር በሱሉልታ ሜዳም ሆነ ከአቃቂ ወደ ቱሉ ዲምቱ ባሉት የጥቁር አፈር መንገዶች ያው ነገር ይደገማል። ማርሹ ኤች 4 (ፎር ዊል) ላይ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ የፎር ዊል መብራት በርቷል፣ የኋላ ጎማዎች ዋልካውን ይቆፍራሉ፣ የፊቶቹ ግን ቆመዋል። «ፎር ዊሉ ሞቷል» ይባልና ትራንስፈሩን (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ስለማስወረድ ወሬ ይጀመራል። መብራቱ የሚናገረው ስለ ትራንስፈሩ ብቻ ነው፤ ጎማው ከሻፍቱ ጋር መያያዝ አለመያያዙን አያውቅም። ስለዚህ ትራንስፈሩ ከመነካቱ በፊት የፊት ጎማው መሃል ያለው ሃብ ይታይ።

እንደ ላንድክሩዘር 70፣ አሮጌው ሃይሉክስ፣ ኒሳን ፓትሮል ዋይ 60 ባሉ መኪኖች የፊት ጎማ የሚዞረው በራሱ ኩሽኔታ ላይ ነው። ከዲፈረንሻል የሚመጣው ሻፍት በመሃሉ ያልፋል እንጂ በቀጥታ አልታሰረበትም፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ሃቡ ነው። በማኑዋሉ ሃብ ውስጥ አንዱ ክፍል በሻፍቱ ጥርስ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ከጎማው ጋር ይታሰራል፣ በመካከላቸው ደግሞ ባለ ጥርስ ተንሸራታች ቀለበት አለች። መዞሪያው ሎክ ላይ ሲሆን ቀለበቷ ሁለቱን አንድ ላይ ትይዛለች። ፍሪ ላይ ሲሆን ትለቃለች፤ ያኔ ጎማው ብቻውን ይዞራል፣ ሻፍቱ፣ የፊት ዲፈረንሻሉና የፊት ካርዳኑ (ከትራንስፈሩ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ) ያርፋሉ። ዓላማው በአስፋልት ላይ ያለ ሥራ የሚዞር ብረት መቀነስ ነው፤ ትንሽ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ድምፅና መበላትንም ይቀንሳል። የአሜሪካው ዋርን በ1948 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የሠራው እንዲህ ያለውን ሃብ ለጂፕ ነበር።

ብዙ ሾፌር የማያውቀው፣ መዞሪያው ቀለበቷን የሚገፋው በሞላ በኩል መሆኑን ነው። መዞሪያው ሎክ ላይ ቢደርስም ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ከገጠመ ቀለበቷ አልገባችም፤ ሞላው ተጨምቆ ይጠብቃል፣ መኪናው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቀጭ ብላ ትገባለች። ስለዚህ ሁለቱን ሃብ ሎክ ካደረጋችሁ በኋላ ጥቂት ሜትር በዝግታ ሂዱና ከዚያ ጭነት ስጡት። ግማሽ የገባ ጥርስ ላይ ጋዝ መርገጥ ጠርዙን ይበላዋል፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት ጊዜ ያመልጣል። መዞሪያው በእጅ አልዞር ካለም ፒንሳ አታንሡ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ስትሄዱ በሻፍቱ ላይ የተጠራቀመው ውጥረት ይለቃል፣ በጣትም ይዞራል። ከዚያም አልዞር ካለ ውስጡ በደረቀ ግራሶና በአቧራ ተይዟል ማለት ነው።

ሁለቱም ሃቦች አንድ ዓይነት ቦታ ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ሎክ፣ ሌላው ፍሪ ከሆነ የፊት ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ቀላል ወደሆነለት ይሰደዋል፤ በፍሪው በኩል ያለው ሻፍት ባዶውን ይሽከረከራል፣ የተቆለፈው ጎማ ምንም አያገኝም። ከላይ የተባለው ጭቃ ላይ የሚታየው ችግር አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሾፌሩ በጭቃው ምክንያት በራሱ በኩል ያለውን ብቻ ቆልፎ ገብቷል።

ሃቡን ቆልፎ በኤች 2 (በኋላ ጎማ ብቻ) መንዳት ዲፈረንሻል ይጎዳል የሚል ፍርሃት አለ። አይጎዳም። ደረቅ አስፋልት ላይ የሚጎዳው ኤች 4 ነው፤ የፊትና የኋላ ካርዳን ስለሚያያዙ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ይወጣጠራሉ። ሃቡ ብቻ ሲቆለፍ የፊት ዕቃዎች ያለ ጭነት ይዞራሉ፣ ሌላ ነገር የለም። ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ በየቀኑ ከአስፋልት ወርዶ ጭቃ የሚገባ መኪና ሃቡ ተቆልፎ ቢከርም ጥሩ ነው፤ ጉልበት ድረስ ጭቃ ውስጥ ወርዶ መዞሪያ ከመፈለግ እጅግ ይሻላል። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ያሰጋል፦ ለወራት ፍሪ የከረመ መኪና የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት ከታች ተኝቶ የላይኛው ብረት ይደርቃል። ቶዮታ ፎር ዊሉን በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር መንዳት ይመክራል፤ ከሱሉልታ አስፋልት ወጣ ብሎ ያለ የጠጠር መንገድ ለዚህ ይበቃል።

አውቶማቲኩ ሃብ ያው ሥራ በሌላ መንገድ ይሠራል። ፎር ዊል ሲገባ ሻፍቱ መዞር ይጀምራል፤ ውስጥ ያለ ካም (ሲዞር ሌላውን ክፍል የሚገፋ ብረት) የሻፍቱን ዙር ተጠቅሞ ተንሸራታቹን ማርሽ ወደ ውጪኛው ጥርስ ይገፋዋል። ሲወጣ ደግሞ ወደ ኤች 2 መልሶ ቀጥ ብሎ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ ካሙ ወደ ቦታው የሚመለሰው ሻፍቱ በተቃራኒው ሲዞር ነው። ይህ ካልተደረገ ሃቡ እንደያዘ ይቀራል፣ አንዳንዴም ግማሽ ለቆ በየዙሩ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ድክመቱ ከአሠራሩ ይመጣል። በጭቃ የተያዘ መኪናን ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዙ ሲያወጡ፣ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር አውቶማቲኩ ለቆ እንደገና ይይዛል። በዚያች ቅጽበት ጋዝ የተረገጠ እንደሆነ ጥርሶቹ ይጋጫሉ፣ ይሰበራሉም። እንደ አቃቂ ባለ ተጣባቂ ዋልካ ውስጥ በየዕለቱ ለሚሠራ መኪና ማኑዋሉን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። አውቶማቲክ ያለው ሰው ግን ጭቃው ሳይደርስ ያስገባ፣ አቅጣጫ ሲቀይር ጋዙን ይልቀቅ፣ እስኪይዝ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ይበል። አውቶና ሎክ ተብለው የተጻፈባቸው ሃቦችም አሉ፤ እነዚህን ሎክ ላይ ስታደርጓቸው እንደ ማኑዋል ይያዛሉ። በፓትሮል ላይ የሚዞሩት በጎማ ቁልፍ ነው።

ለማረጋገጥ እንዲህ አድርጉ። ትራንስፈሩን ኤች 2 ላይ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ የኋላ ጎማ ሥር ታኮ አድርጉ። ሁለቱንም ሃብ ሎክ አድርጋችሁ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሡ። ጎማውን በእጅ ስታዞሩ የፊት ካርዳኑ መዞር አለበት። ካልዞረ ከሁለቱ አንዱ አልያዘም፤ የትኛው እንደሆነ ሁለቱንም ከፍታችሁ ታያላችሁ።

የቶዮታ አይሲን ሃብ ሲከፈት በክዳኑ ላይ በ10 ቁልፍ የሚፈቱ ስድስት ቡሎኖች አሉ። ከሥራቸው አካሉ በስድስት የ12 ዳዶ ታስሯል። ዳዶዎቹ ከወጡ በኋላም አካሉ አይነቃነቅም፤ በየዳዶው ሥር ሾጣጣ ቀለበቶች ስላሉ በናስ ዘንግ ጎኑን መታ መታ ሲደረግ ፈንጠር ብለው ይወጣሉ። በካቻቢቴ መፈልቀቅ የብረቱን ፊት ያበላሸዋል። በላንድክሩዘር ሻፍቱ ጫፍ ላይ ስናፕ ሪንግ (ሻፍቱን በቦታው የሚይዝ ክፍት ቀለበት) አለ፤ መልሶ ለመግጠም 8 ሚሊሜትር ቡሎን በሻፍቱ ጫፍ አስገብቶ ወደ ውጭ መሳብ ነው።

ውስጡ በናፍጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ስስ የሊቲየም ግራሶ ይቀባ፤ ስስ ነው የምለው። ኩሽኔታ እንደሚሞላው ታጭቆ የተሞላ ሃብ በእንጦጦ ብርድ ጠዋት ሞላው ሊገፋው አይችልም፣ በአውቶማቲኩ ደግሞ ካሙ ይጣበቃል። ግራሶው ነጣ ብሎ ከተገኘ ውሃ ገብቷል፣ ጓርኒሲዮኑና (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) የመዞሪያው ጎማ ቀለበት ይለወጡ። እንደ ዘይት ከቀጠነ ግን ችግሩ ሃቡ ላይ አይደለም፤ የዲፈረንሻል ዘይት የሚያሳልፈው የውስጥ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ነው።

ክዳኑ የሚገጠመው መዞሪያው ፍሪ ላይ ሆኖ ነው፤ ክንፎቹ ጥርስ በሌለበት ክፍተት ይግቡ። የአካሉ ዳዶ በ31፣ የክዳኑ ቡሎን በ10 ኒውተን ሜትር ብቻ ይጠበቃል። ትንንሾቹ ቡሎኖች ከዚህ ካለፉ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዘው ይወጣሉ።

አውቶማቲኩን በማኑዋል ለመቀየር ሶማሌ ተራ የምትሄዱ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የሻፍት ጥርሱን ብዛትና የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት አስተያዩ። በብዙ አውቶማቲክ ሃብ የኩሽኔታው መጠበቂያ ዳዶ የካሙ አካል ነው፤ ለማኑዋል የሚሆነው ዳዶና ሮንዴላው አብሮ ካልተገዛ ኩሽኔታውን የሚይዘው ነገር አይኖርም።